ሻኛ፣ ኤላ፣ ገበታ፦ በነገሌ ብስክሌት ስጠግን

የሥራዬ የመጀመሪያ ቀን ኦቦ ጂሎ አንድ የኋላ ጎማ ከነቸርኬው ፊቴ አስቀመጡና «ፍቺው» አሉኝ። ዳዶውን ፈትቼ የመሐሉን ዘንግ ስስበው የኩሽኔታው ኳሶች በሙሉ አፈር ላይ ተበተኑ።

አልተቆጡም። «በይ ልቀሚ» ብለው ጀርባቸውን ሰጡኝ። ተንበርክኬ ለቀምኩ። አንዷ ስትቀር እንዴት እንዳወቁ እንጃ፣ ዘወር ሳይሉ «ከጠረጴዛው ሥር እዪ» አሉ። እዚያ ነበረች። በናፍጣ አጥቤ፣ ግራሶ ቀብቼ፣ መልሼ እስክደረድራቸው ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች። ኦቦ ጂሎ ጎማውን በጣታቸው አሽከርክረው ጆሯቸውን አስጠጉና አዳመጡ። «ነገ ማልደሽ ነዪ» አሉ። ተቀጠርኩ ማለት ነው።

አባቴ በነገሌ ጦር ሰፈር የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። መንግሥት ተለውጦ የድሮው ጦር ሲበተን ብዙ ቤተሰብ ጓዙን ጭኖ ወደየአገሩ ተመለሰ። እኛ ነገሌ ቀረን። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ውጤት ሳይመጣልኝ ቤት ተቀምጬ ነበር። ኦቦ ጂሎ ገበያው ዳር ባለች የቆርቆሮ ሱቅ ብስክሌት ያከራያሉ፣ ይጠግናሉ። አባቴ አንድ ቀን ወሰደኝና «አካም፣ ኦቦ ጂሎ» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም አላቸው። «ናጋ» አሉ።

«ይቺ ልጅ እጇ አያርፍም። ቤት ውስጥ ያልፈታችው ዕቃ የለም። እርስዎ ጋ ትፍታ» አላቸው።

እጄን ገልብጠው አዩ። «ግራሶ ከጥፍር ቶሎ አይለቅም። እናትሽ ታውቃለች?»

«ታውቃለች» አልኩ። እናቴ አታውቅም ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ደንበኛ ሁሉ እኔን አልፎ እሳቸውን ነበር የሚፈልገው። አንድ መቶ አለቃ ፍሬኑ አልይዝ ያለ ብስክሌት እየገፋ መጣና «ባለሙያው የሉም?» አለ። ኦቦ ጂሎ ከጓሮ ሆነው «ፊትህ ተቀምጣለች» አሉት። መቶ አለቃው ቆሞ ጠበቀ። ያለቀውን የፍሬን ላስቲክ ቀየርኩ፣ ገመዱን አጠበቅኩ። እስከ ገበያው መጨረሻ ነድቶ ተመለሰ፤ ሂሳቡን ለኦቦ ጂሎ ከፍሎ ሄደ። በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ ግን ኦቦ ጂሎን አልጠየቀም፤ ብስክሌቱን በቀጥታ ወደ እኔ ገፋው።

ከመፍታትና ከመግጠም ይልቅ ያስቸገረኝ የዕቃው ስም ነው። ካቴና፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ እነዚህ ጣሊያን ጥሏቸው የሄደ ቃላት ናቸው። ሌላው ኦሮምኛ ነው። የቀረውን ኦቦ ጂሎ ራሳቸው ሰይመውታል። የፊት ጎማውን በሁለት እግሩ አቅፎ የሚይዘውን ብረት «ሹካ» ይሉታል። እኔም ሹካ አልኩ፤ ከእኔ በኋላ የገቡትም ሹካ አሉ። በሌላ ከተማ ሌላ ስም ይኖረዋል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ባጃጅ ነገሌ ሲገባ ብስክሌት የሚከራየው ሰው እየሳሳ ሄደ። ብዙ ባልደረቦቻችን ባጃጅ መጠገን ጀመሩ። የኦቦ ጂሎ ዐይን በዚያው ሰሞን ደከመና ሱቋን ለእኔ ሰጥተው እሳቸው በሩ ላይ መቀመጥ ያዙ። የመጣውን ብስክሌት በድምፁ ይለያሉ። «የዚህ ካቴና ላልቷል» ይሉኛል፣ ገና መንገድ ላይ ሳለ።

ድንክ ብስክሌቶቹ የመጡት ሥራ ባጣንበት በዚህ ጊዜ ነው። ከሞያሌ በጭነት መኪና ከሚመጣው ያገለገለ ዕቃ መሐል ጎማቸው ትንንሽ፣ ኮርቻቸው ዝቅ ያለ፣ ማርሽ የሌላቸው፣ ፍሬናቸው ከኋላ ብቻ የሆነ ብስክሌቶች ይገኙ ጀመር። ሰው የሕፃን ብስክሌት መሰለው። እኔም መስሎኝ ነበር። አንዱን ሳነሣው ግን ከበደኝ። ብረቱ ወፍራም ነው፤ ሽቦዎቹ ተቀራርበው የተሰካኩ፣ ዘንጉም የትልቅ ሰው አውራ ጣት የሚያክል። ይህን የሠራ ሰው ለሕፃን ብሎ አልሠራውም።

የነገረችኝ የኦቦ ጂሎ የልጅ ልጅ ቦንቱ ናት። ሁለተኛ ደረጃ ትማራለች፤ ከትምህርት ቤት ስትወጣ ሱቁ ትመጣለች። «እትዬ ዘነቡ፣ ይሄ እኮ ቢኤምኤክስ ነው። አፈር ላይ ይሽቀዳደሙበታል፣ ይዘሉበታል» ብላ በስልኳ አሳየችኝ። ስምንት ልጆች በአንድ በር ተለቀው ጉብታ ለጉብታ ሲበርሩ አየሁ። ብስክሌቱ ለምን ወፍራም እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ከከተማው ወጣ ብሎ ለመንገድ ሥራ ቀይ አፈር የተቆፈረበት ጉድጓድ አለ። ቦንቱና ጓደኞቿ አካፋና ዶማ ይዘው እዚያ መሮጫ ሠሩ። የጦር ሰፈር ልጆች፣ የነጋዴ ልጆች፣ የጉጂ ልጆች፣ ሁሉም ነበሩበት። ለእያንዳንዱ ነገር በስልክ የሰሙትን የእንግሊዝኛ ስም ሰጡት። መዞሪያው ላይ አዘንብሎ የቆመውን የአፈር ግድግዳ «በርም» አሉት። መነሻው ደግሞ «በር» ነው። አንድ ቀን አንዱ ልጅ «በርሙን ተጠንቀቁ» ብሎ ሲጮኽ፣ መነሻው ጋ ያሉት በሩ ተከፈተ ያለ መሰላቸውና ተለቀቁ። መዞሪያው ላይ ከነበሩት ጋር ተላተሙ። የአንዱ ልጅ ክንድ ተሰበረ።

ወላጆች መሮጫው ይፍረስ አሉ። ኦቦ ጂሎ ዱላቸውን ይዘው ጉድጓዱ ድረስ መጡ። በመሮጫው ላይ በእግራቸው እየሄዱ፣ በዱላቸው እየዳሰሱ ጨረሱና ልጆቹን ሰበሰቡ።

«ስሙ ነው ያላተማችሁ» አሉ። «ይሄ የሚዞረው ግድግዳ ከብት ወደ ውሃ ሲወርድ የሚታከከውን ይመስላል። ኤላ በሉት።» ኤላ በቦረና ጥልቁ የውሃ ጉድጓድ ነው፤ ከልጆቹ የማያውቀው የለም። ተከታትለው የተደረደሩትን ጉብታዎች ሻኛ አሏቸው። አናቱ ጠፍጣፋ የሆነውን ትልቁን መዝለያ ገበታ አሉት። መነሻው በር ሆኖ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ማንም ከማንም ጋር በስም ምክንያት አልተላተመም። ወላጆቹም ተዉት።

የእኔ ሥራ ብስክሌቶቹን ማሰናዳት ሆነ። ከዘንጉ ጫፍ የሚወጡትን መቆሚያ ብረቶች አወልቃለሁ፤ ለትርኢት ናቸው እንጂ ሲሽቀዳደሙ የሌላውን እግር ይመታሉ። ፔዳል ወደ ኋላ ሲዞር ጎማውን ነጻ የሚለቀውን ጥርስ፣ ልጆቹ «ፍሪ» የሚሉትን፣ አጥባለሁ። መሪው ላይ ስፖንጅ እጠመጥማለሁ። እንደዚያ በሥራዬ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ወሬው ያቤሎ ደረሰ። እዚያ ያሉ ልጆችም አፈር ቆፍረው ይጋልቡ ኖሯል። እንገናኝ ተባለና አንድ ቅዳሜ የያቤሎ ልጆች ብስክሌቶቻቸውን በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ጭነው መጡ። ጉድጓዱ አፍ ላይ ያ ሁሉ ሰው ይቆማል ብዬ አልጠበቅሁም።

ውድድሩ ሳይጀመር የሁሉንም ብስክሌት በየተራ ፈተሽኩ። ሹካ ስፈትሽ በዐይን ብቻ አላይም፤ ለስላሳ ጨርቅ ይዤ በብረቱ ላይ አሳልፋለሁ። የቦንቱን ስጠርግ ሁለቱ እግሮች ወደ መሪው ከሚወጣው ግንድ ጋር በሚገናኙበት ቦታ ጨርቁ ተያዘብኝ። ቀለሙን በካቻቢቴ ጫር አደረግሁት። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ነበረች።

ኦቦ ጂሎ አጠገቤ ነበሩ። ጣታቸውን አሳለፉባት። «ትንሽ ናት» አሉ። «ብየዳ ቤት ውሰጂው።»

«ኦቦ፣ ይሄ አይበየድም።»

«ስንት ሹካ አስበይደናል፣ አንቺና እኔ። አንዱ እንኳ ተመልሶ መጣ?»

«አልመጣም። የሚነዱት ግን ገበያ ደርሰው ለመመለስ ነበር። እሷ ገበታውን ዘላ በፊት ጎማ ብታርፍ ብረቱ ከብየዳው ጎን ይለቃል። የምትወድቀው በፊቷ ነው።»

«እኔ ነኝ ያስተማርኩሽ» አሉ፣ ቀስ ብለው።

«አዎ» አልኩ። እጄ ግን ሹካውን አለቀቀም።

ዱላቸውን አንስተው ሄዱ። ያን ሁሉ ዓመት አብረን ስንሠራ ሳይሰናበቱኝ ሄደው አያውቁም። ቦንቱ ሁሉንም ሰምታለች። «እትዬ፣ ከያቤሎ ድረስ መጥተዋል እኮ። እኔ ቆሜ ልይ?» አለችኝ፤ እንባዋ ዐይኗን ሞልቶት ነበር።

«ሹካ ካገኘሁልሽ ትወዳደሪያለሽ። ካላገኘሁ አትወዳደሪም» አልኳት።

የያቤሎዎቹ ጠጋኝ ዋሪዮ የሚባል ረጅም ሰው ነው። ዕቃ የሞላ ጆንያ ይዞ ሚኒባሱ ጥላ ሥር ተቀምጧል። ሮጬ ደረስኩና «ወንድሜ፣ ትርፍ ሹካ ይዘሃል?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «ምሳ ደረሰ እንዴ?»

እንባዬ ሊመጣ እያለ ሳቅሁ። አጠገቡ የቆመውን ብስክሌት ሹካ ይዤ «ይሄን ነው የምልህ» አልኩት።

«አሃ፣ ፎርቼላ! እንደሱ አትዪም?» ብሎ ጆንያውን ፈታ። «ለማን ነው?»

«ለቦንቱ።»

እጁ ቆመ። «የኛን ልጅ ታሸንፋለች የሚሏት?»

«እሷው።»

«እሷ ሳትኖር ብናሸንፍ ያቤሎ ገብተን ምን ብለን እናወራለን?» አለና አንድ ጥቁር ሹካ አውጥቶ ሰጠኝ።

ግንዱ ከቦንቱ ብስክሌት ረዘም ይላል፤ የተረፈውን ሮንዴላ እየደራረብኩ ሞላሁት። ችግሩ ከሥር የሚገባው የኩሽኔታ ቀለበት ነው። ቀጥ ብሎ ካልተቀመጠ መሪው ይነክሳል፣ ኤላ ላይ አይዞርም። በመዶሻ በአንድ ጎን ሲመቱት ይዘማል፤ ሁለት ጊዜ መትቼ ሁለት ጊዜ ዘመመ። አስጀማሪው በሩ ጋ «ቆጳኣ፣ ተዘጋጁ» እያለ ነው።

ጥላ አረፈብኝ። ኦቦ ጂሎ ናቸው፤ አጭር የውሃ ቧንቧ በብብታቸው ይዘዋል። ተቀመጡና ቧንቧውን ግንዱ ላይ አጥልቀው ቀለበቱ ላይ አሳረፉት። እኔ ሹካውን ያዝኩ፣ እሳቸው ከላይ መቱ። ቀለበቱ እኩል ገብቶ ቁጭ አለ። ቅድም የሄዱት ተቆጥተው ይሁን ቧንቧውን ሊያመጡ፣ እስከ ዛሬ አልጠየቅኋቸውም።

ቦንቱ በሩ ላይ ደረሰች። የበሩ ሳንቃ ሲወድቅ ከኋለኞቹ መሐል ነበረች። ኤላ ላይ ሌሎቹ ታችኛውን መስመር ሲሻሙ እሷ ግድግዳውን ይዛ ወጣችና ወርዳ ሁለቱን ቀደመች። ሻኛዎቹን የፊት ጎማዋን አንስታ በኋላ ጎማ ብቻ አለፈቻቸው። ገበታው ላይ ስትዘል እኔ እሷን አላየሁም፤ ሹካውን ነበር የማየው። በፊት ጎማዋ አረፈች፣ ከበድ አድርጋ። ሹካው ቻለ።

የያቤሎው ልጅ በአንድ ጎማ ርቀት ቀደማት። ሁለተኛ ወጣች። ዋሪዮ መጥቶ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋትና «በኛ ፎርቼላ ነው የወጣሽው፤ ግማሹ የያቤሎ ነው» አላት። ሹካውን ልመልስለት ስል እንቢ አለ። «ይቀመጥላት። አንድ ቀን እኔም ልለምን እመጣለሁ፤ ያኔ ምሳ ደረሰ ወይ እንዳትዪኝ» ብሎ ሚኒባሱ ውስጥ ገባ።

ሱቅ ስንመለስ ኦቦ ጂሎ የተሰነጠቀውን ሹካ ጠየቁኝ። ማንም አንስቶ እንዳያስበይደው ቆርጬ ልጥለው የብረት መጋዝ አዘጋጅቼ ነበር። ሞርሳው ላይ አሰሩት። መጋዙን አልጠየቁኝም። ሁለት እጃቸውን ግንዱ ላይ ጫኑና አንዴ ተደገፉት። ለሁለት ሆነ።

ስብራቱ ዙሪያውን በዝገት ጠቁሯል። የሚያበራ አዲስ ብረት የታየው በአንድ ጎን ብቻ ነው፤ ያም ከጥፍር አይበልጥም። ያን ያህል ጊዜ ይዞ የቆየው እሱ ብቻ ነበር። ቦንቱ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ኦቦ ጂሎ በጣታቸው ደጋግመው ዳሰሱት። «ብየዳ አይይዘውም ነበር» አሉ። ከዚያ ዞረው ሻይ አዘዙልን፤ ለእኔ ስኳር እንዲበዛበት ነገሩ።

አሁን ብስክሌት ለሚጠግኑ ሁሉ የምነግራቸው ይህን ነው። የሚዘል ብስክሌት ሹካው ከተሰነጠቀ አይበየድም፤ ይቀየራል። የሚቀየር ከሌለ ብስክሌቱ ይቆማል።