በፎጣ የጠቀለልኳት ዲስክ

ባለቤቴ መሞቱን የሰማሁት አንሶላ ሳሰጣ ነው። ጠዋት ሐኪም ቤት የወሰደው ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ብቻውን ተመለሰ። ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ በሩ ላይ ቆሞ፣ «እህቴ፣ እስቲ መጀመሪያ አረፍ በይ» አለኝ። ገባኝ። የቀረችውን አንድ አንሶላ አሰጣሁና ተቀመጥሁ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ፎቶ አንሺ ነበር። ፎቶ ቤቱ የቤታችን የፊት ክፍል ነው። የሰው ፊት በእጁ አይነካም፤ አገጭ ቀና የሚያደርገው በእስክሪብቶ ጫፍ ነበር። «ፈገግ በሉ» ብሎ አያውቅም። «ሰልችቻችኋለሁ መሰለኝ» ሲላቸው ራሳቸው ይስቃሉ። በኋላ በኋላ ያረጁ ፎቶዎችን ማደስ ያዘ። ሥራውን ሁሉ የሚያስቀምጠው ከኮምፒውተሩ ጎን በተሰካች አንዲት ዲስክ ላይ ነው፤ ኮምፒውተሩም የዲስኳን ቅጂ በኢንተርኔት፣ ለመጠባበቂያ ወደሚያስቀምጥ አንድ ድርጅት ሲልክ ይውላል።

ልብስ ሰፊው በዚህ ነገር አይለቀውም ነበር።

«ሰው ወደ ላይ ጸሎቱን ይልካል፣ አንተ ጉርድ ፎቶ!»

«ያንተ መርፌ በየቀኑ የምትጠፋው እኮ ቅጂ ስለሌላት ነው።»

እኔ ደግሞ ዕቃ ተወልውሎ ቦታው ካልገባ ዕረፍት የለኝም። «ይችን ነገር ነቅለህ አታስቀምጣትም?» ስለው፣ «እሷን ብቻ ተያት» ይለኛል። ለምን እንደሆነ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

በቀብሩ ማግስት ለሚመጣው ሰው ወንበር ለመደርደር ክፍሉን አጸዳሁ። ዲስኳን ነቅዬ፣ በንጹሕ ፎጣ ጠቅልዬ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኋት። የእሱንም ስልክ አጥፍቼ አጠገቧ አኖርሁት። ምንም አልተሰማኝም። እጄ ብቻ ይሠራ ነበር።

በስድስተኛው ሳምንት ልብስ ሰፊው መጣ።

«የእናቴን ፎቶ አድሶ ጨርሶልኝ ነበር። ዛሬ ነገ ስል ሳልወስደው ቀረሁ።»

የእናቱ ፎቶ ያ ብቻ ነው። ወረቀቱ ውኃ ነክቶት ስለነበር ምስሉ ገና ወደ ኮምፒውተር እንደተቀዳ ነው የተበጣጠሰው።

ዲስኳን ሰካኋት። ቀጭ፣ ቀጭ አለችና ዝም አለች። ኮምፒውተር ጠጋኝ ጋ ወሰድኋት፤ ሁለት ቀን አቆይቶ፣ «ውስጧ ተበላሽቷል፣ ያለባት ነገር አይወጣም» አለኝ። ወደ ድርጅቱ ደወልሁ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ትሁት ናት።

«እናቴ፣ እንዲህ ያለ ዲስክ ሠላሳ ቀን ከኮምፒውተሩ ጋር ሳይገናኝ ከቆየ ቅጂው ከእኛ ዘንድ ይሰረዛል። ማስጠንቀቂያ ልከን ነበር።»

የባለቤቴን ስልክ አውጥቼ ከፈትሁት። ከድርጅቱ የተላከ ሦስት መልእክት አለ። የመጨረሻው ሁለት ቀን እንደቀረ ይናገራል። መልሼ አጠፋሁት።

ትናንት ልብስ ሰፊው በመስኮት ብቅ አለ።

«አገኘሽልኝ እህቴ?»

«እየፈለግሁ ነው» አልሁት።

ለእናቱ ፎቶ ፍሬም ገዝቶ ከስፌት መኪናው በላይ፣ ግድግዳው ላይ ባዶውን ሰቅሎታል። እስካሁን አልነገርሁትም።