ሰባት ኪሎ አሸዋ

«ኡሙሀኒ፣ አምስት ኪሎ ስጪኝ» አለኝ ሣህሌ፣ ክራንቹን የሱቄ በር ላይ አስደግፎ።

«የምን? ስኳር ከሆነ ቀበሌ ሂድ። እኔ ዘንድ ከጠፋ ቆየ።»

«ኪሎውን ራሱን ነው የምልሽ» ብሎ ሚዛኔ ላይ ያሉትን ብረቶች አሳየኝ።

ይሄ ሰው ጭንቅላቱም ተነክቶ ነው እንዴ ከሆስፒታል የወጣው፣ አልኩ በሆዴ። ሣህሌ እዚሁ አዋሽ ባቡር ጣቢያ ጫኝና አውራጅ ነበር። መጋቢት ላይ ከጭነት መኪና ወድቆ ጭኑ ተሰበረ። አዲስ አበባ ጀሶ ውስጥ ሦስት ወር ከርሞ ሲመለስ እግሩ የኔን ክንድ አያክልም፣ ጉልበቱም አይዘረጋም። ሳየው አንጀቴን በላው፤ ግን እኔ ሲከፋኝ የሚቀናኝ መሳደብ ነው።

የሆስፒታሏ ባለሙያ የሚያስፈልገውን በወረቀት ሥላ ሰጥታዋለች። እግር ላይ የሚታሰር ክብደት አለ፣ ግራና ቀኝ እየተደገፉ የሚራመዱበት ብረት አለ፣ የሚለጠጥ ላስቲክ አለ፣ ከቦታው የማይነቃነቅ ብስክሌት ሳይቀር አለ። «ሰባት ኪሎ ታስሮበት ጉልበትህ ሠላሳ ጊዜ ቀጥ ካለ ጆንያ ትሸከማለህ፤ ካልሆነ እርሳው» ብላዋለች። የጫኞቹ ማህበር ደግሞ እስከ ኅዳር ሊጠብቀው ተስማማ። ኅዳር ላይ አንድ ኩንታል ተሸክሞ በመወጣጫው ሳንቃ ወጥቶ ፉርጎ ውስጥ ካላስገባ፣ ቦታው እሱን ተክቶ ለገባው ለከድሩ ይጸናል። ከድሩ የሀገሬ የወሎ ሰው ነው፣ የሦስት ልጆች አባት፣ ዝምተኛ።

«አዋሽ ሰባት ኪሎ እየኖርክ ሰባት ኪሎ ያቅትሃል?» ብዬ ቀለድኩበት። አልሳቀም።

የሚዛኔን ብረት ሰጥቼ በባዶ እጄ ልነግድ ነው? አይሆንም አልኩት። ያን ሰሞን ከጅቡቲ በባቡር የሚመላለስ አንድ ነጋዴ በሁለት እጅ የሚለጠጥ፣ ደረት የሚያሰፋ፣ የሚያብረቀርቅ ሞላ አሳየው። የሣህሌ ዓይን እዚያው ቀረ። ያለችውን ሁሉ አውጥቶ ሊገዛ ሲል ደሜ ፈላ።

«አንተ ሰውዬ! የተሰበረው እግርህ ነው ደረትህ?»

ያን ጊዜ ደነገጠና ወረቀቱን ዘርግቶ አብረን አየነው። ብስክሌቱን ወዲያው ሰረዝነው፤ የማይሄድ ብስክሌት ማን ይገዛል? ለመደገፊያው ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ሁለት የቧንቧ ብረት ገዛና ግቢው ውስጥ በእንጨት ላይ አጋደመው። ለላስቲኩ የጭነት መኪና ጎማ ውስጥ የሚገባው ከመነዳሪ በቁመቱ ተቆረጠለት፣ ያውም በነጻ። ለክብደቱ ልብስ ሰፊው ከአሮጌ ሸራ ከረጢት ሰፋለት፣ አሸዋውን አዋሽ ወንዝ ሰጠን። በየሐሙሱ ግማሽ ኪሎ እየመዘንኩ እጨምርለታለሁ፣ እሱ በከሰል ከረጢቱ ላይ ቁጥሩን ይጽፋል። ቤቱ ስገባ እኔኑ ራሴን ገረመኝ፤ የደሃ ግቢ የሆስፒታሉን ክፍል መሰለ።

ከረጢቱን እግሩ ላይ የሚያስርለት ማን መሰላችሁ? ከድሩ! ከሥራ ሲወጣ ላቡ ሳይደርቅ እዚያ ነው። «አንድ… ሁለት… በርታ ሣህሌ» ይላል። የሰው ቦታ ይዞ እንዲህ ደግ መሆን አልተዋጠልኝም፣ ልዋሻችሁ አልችልም።

አራት ኪሎ ላይ ሣህሌ ቆመ። «ከዚህ በላይ ከሆነ እግሬ ይሰበራል፣ ይሰማኛል» ብሎ አሸዋ እንዳልጨምር ከለከለኝ። ሐሙስ መጣ፣ ሌላ ሐሙስ መጣ፣ ከረጢቱ ላይ ያው አራት ነው። መስከረም አልቆ ጥቅምት ገባ።

አንድ ቀን ልጠይቀው ሄጄ ከረጢቱን ከመንገዴ ላነሳ ስል ክብደቱ ክው አደረገኝ። ሃያ ዓመት የመዘነ እጅ አይታለልም። ሣህሌ ጓሮ ሲሄድ ከረጢቱን ይዤ ሱቄ ሮጥኩ። ስድስት ኪሎ!

ከድሩን በመንገድ ሲያልፍ ጠራሁት። «አንተ አላህን አትፈራም? ጉልበቱን ሰብረህ ቦታውን ልትወርስ ነው?»

ከድሩ አልተቆጣም። «እትዬ ኡሙሀኒ፣ አራት የሚለውን ቁጥር ነው እንጂ የሚፈራው እግሩስ አልፈራም። ሳስርለት አንድ እፍኝ እጨምራለሁ። ሁለት ቀን ጉልበቱን አያለሁ፣ ካላበጠ ደግሞ አንድ እፍኝ። አንድም ቀን አላበጠም።»

«እሱ ከዳነ አንተስ?»

«መልካ ወረር ጥጥ እርሻ ሥራ አግኝቻለሁ። ለሱም ነግሬዋለሁ፣ አታስቢ።»

ሱብሃነላህ! ከረጢቱን መልሼ እቦታው አኖርኩት፣ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

ኅዳር ደረሰ። ጠዋት ጣቢያው በሰው ተሞላ፤ እኔም ሱቄን ዘግቼ ሄድኩ። የማህበሩ ሊቀመንበር ጓድ አለሙ «ጀምር» አለ። የማሽላውን ኩንታል ከአንድ ሰው ጋር አንስቶ ሣህሌ ትከሻ ላይ ያኖረው ራሱ ከድሩ ነበር። ሣህሌ ሳንቃው ላይ ወጣ። አንድ እርምጃ፣ ሁለት፣ ሦስት። መሃል ላይ ሲደርስ ጉልበቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ቆመ። ያ ረቢ!

«አልችልም፤ አራት ኪሎ ነው የቻልኩት» አለ ሣህሌ፣ ፊቱን ወደ ፉርጎው እንዳዞረ።

ከድሩ ከታች ጮኸ፣ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰምቼው አላውቅም። «ሰባት ነው! ሣህሌ፣ ሰባት ኪሎ ነው ያነሳኸው! በእጄ ጨምሬበታለሁ፣ ኡሙሀኒን ጠይቃት!»

«ወላሂ ሰባት ነው!» አልኩ እኔም፣ የመዘንኩት ስድስቱን ብቻ ቢሆንም።

ያን ጊዜ ያ የኔን ክንድ የማያክለው የሣህሌ እግር ቀጥ አለ። ዓይኔ እያየ ነው የሆነው! ሳንቃው እየተርገፈገፈ ወጣ፣ ገባ፣ ኩንታሉን ጣለው። ሰዉ አጨበጨበ። እኔ ቆሜ አለቀስኩ፣ ማንም ይይ ብዬ። የሰው ሥጋ እንዲህ በእፍኝ አሸዋ እየተሠራ እንደሚመለስ እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ከድሩ ልብሱን በሻርፕ ቋጥሮ ሱቄ መጣ።

«እትዬ ኡሙሀኒ፣ መልካ ወረር በኩል ሰው የሚቀጥር ሰምተሻል?»

«አግኝቻለሁ ብለኸኝ አልነበረም እንዴ?»

መሬት መሬት አየ። «ለሣህሌ አትንገሪው፣ አደራ። ሥራ እንደሌለኝ ካወቀ ቦታውን ይመልስልኛል።»