ብዬ ነበር

ልጅ ሳለሁ፣ ሲመሽ ከእሳቱ ዳር ተቀምጬ የአባቴን ታላቅ ወንድም የጋሽ ወልዴን ተረት ስሰማ እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኔ አይዞርም ነበር። ዛሬ ግን ተረት ሲባል ደሜ ይፈላል።

ያኔ የምንኖረው ከሸኮ ከተማ ወጣ ብሎ ነበር። ከመኝታ ቤታችን ጀርባ፣ ለቡናው ጥላ ተብሎ የተተወ፣ ቀረሮ የሚሉት ግዙፍ ዛፍ ቆሟል። እናቴን ያ ዛፍ እንቅልፍ ይነሳት ነበር፤ ይቆረጥ እያለች አባቴን ስትነዘንዘው ከርማ በመጨረሻ እሱ መጋዝ ያላቸውን ሰዎች አነጋገረ። ይህን የሰሙት ጋሽ ወልዴ በዚያው ምሽት፣ ፍሙን በእንጨት እየቆሰቆሱ፣ ጭሱ ዓይናችንን እየቆጠቆጠን፣ የቀረሮውን ተረት አወሩልን፤ ሥሩ ኮረብታውን አቅፎ እንደያዘ፣ መጥረቢያ ያነሳበት ሰው እጁ እንደደረቀ፣ ወንዙ ወደ ላይ ካልፈሰሰ በቀር እንደማይወድቅ። ሲጨርሱ አባቴን አየት አድርገው፣ ሚስትህ ፈራች ብለህ የአባታችንን ጥላ ልትቆርጥ ነው ወይ አሉት። አባቴ አፈረ። መጋዙም ቀረ።

በጋ ነበር፣ ቀትር ላይ። ቅጠል የሚያነቃንቅ ነፋስ እንኳ አልነበረም። ታናሽ እህቴ ብርቄ ትኩሳት ይዟት መኝታ ቤቱ ውስጥ ተኝታለች። እኛ ደጅ የተሰጣውን ቡና እያገላበጥን ሳለ መሬቱ ተንቀጠቀጠ፤ ዞር ስንል ቀረሮው ወድቆበት ቤቱ የለም። ብርቄም ከሥሩ ቀረች።

ለቅሶው ላይ ጋሽ ወልዴ ድንኳኑ መሀል ተቀምጠው ሌላ ተረት ጀመሩ፤ ቅጠሉ በአንድ ወገን ቢጫ ሆኖ እንደነበር፣ ወፎቹ ጥለውት እንደሄዱ። «ይወድቃል ብዬ ነበር» አሉ። ለቀስተኛው ከንፈሩን መጠጠ።

እናቴ በትዳር ዘመኗ ሁሉ አንቱ ስትላቸው ነው የኖረችው። ቀና ብላ አየቻቸውና፣ «አንተ፣ ካወቅህ ልጄን ለምን አላወጣህልኝም?» አለች። እኔም ከዚያን ቀን ጀምሮ አንቱታውን ትቼዋለሁ።

አለማወቁን አልያዝኩበትም። እናቴም ብትሆን ፈራች እንጂ አላወቀችም፤ መቼ፣ በየት በኩል፣ ማን ላይ፣ ይህን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እኔ እንጃ ቢል ምን ነበረበት? የሚያንገበግበኝ ከወደቀ በኋላ ማወቁ ነው።

ዘንድሮ ሚዛን ከተማ ውስጥ አንድ ሰርግ ላይ አገኘሁት። ልጆች ሰብስቦ ያንኑ ያወራል። ተረቱ አድጓል፤ አሁን እሱ ከቡናው መሀል እየሮጠ «ብርቄ፣ ውጪ!» ብሎ ይጣራል፣ እሷ ትዘገይበታለች። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ያዳምጡታል፣ ልክ እንደኔ።

አልጠራትም። ማንም አልጠራትም።