በኢሜይል የመጣ መርዶ

ባለፈው ሳምንት ሐይቅ ከተማ ካለችው ትንሽ ሱቄ ደጃፍ ተቀምጬ የተጠበሰ በቆሎ ስፈለፍል፣ ልጄ ሰሚራ ስልኬን ይዛ ከውስጥ እየሮጠች ወጣች። «እማ! መኪና ደርሶሻል!» አለችኝ። መልእክቱን አነበበችልኝ። ስሙን ሰምቼው የማላውቅ ድርጅት የስልክ ቁጥሬ በዕጣ እንደወጣ ይነግረኝና፣ ሽልማቱን እንድወስድ የባንክ ሂሳቤን ከነምስጢር ቁጥሩ እንድልክለት በትሕትና ይጠይቀኛል። ልጅቱ ከት ብላ ሳቀች። የዛሬ ልጆች ሌባ በስልክ ሲመጣባቸው እንደ ቀልደኛ ነው የሚያዩት። እኔ ግን በቆሎው እጄ ላይ ቀዘቀዘ። ስንት ዘመን አልፎ እንኳ ከማላውቀው ሰው መልእክት ሲደርሰኝ ያ የድሮው ደብዳቤ ትዝ ይለኛል።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር፣ እዚሁ ሐይቅ ኮምፒውተር የሚያስተምርና ማመልከቻ የሚተይብ ወንድወሰን የሚባል የደሴ ልጅ ዘንድ ሥራ ገባሁ። ወንዴ እንለዋለን። ያን ጊዜ ኢንተርኔት የሚመጣው በስልክ መስመር ነበር። መስመሩ ሲያዝ ማሽኑ መጀመሪያ ይንጫጫል፣ ከዚያ ያፏጫል፣ ዝናብ ከጣለ ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል። አንዲት ገጽ እስክትከፈት ሻይ ይታዘዛል፣ ይጠጣል፣ ብርጭቆው ይመለሳል። ለእኔ ግን ተአምር ነበር።

ቤታችን ከአርዲቦ ሐይቅ በላይ ካለ መንደር ነው። ጠዋት ጠዋት በማሽላው መካከል በምታልፈው ቀጭን መንገድ ጫማዬን በእጄ አንጠልጥዬ እወርዳለሁ። ክረምት ከሆነ ጉሙ ሐይቁን ይሸፍነውና ውኃው የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ አይታወቅም። የወንዴ ሱቅ ጋ ስደርስ እግሬን ታጥቤ፣ ጫማዬን ተጫምቼ፣ የቢሮ ሰው መስዬ እገባለሁ።

አባቴ ይመር ቀደም ብሎ ሞቷል። ቤት የቀረነው እናቴ ከድጃና እኔ ነን። ታላቅ ወንድሜ መሐመድ፣ ሁላችንም ሙሄ የምንለው፣ ዓረብ አገር ከሄደ ዓመታት አልፈውታል። መጀመሪያ ላይ በሰው ሰላምታ ይልክ ነበር። በኋላ ድምፁ ጠፋ። እናቴ ከጂዳ የተመለሰ ሰው አለ ከተባለ ውጫሌም ይሁን አምባሰል ቆላ በእግሯ ትሄዳለች። ሁሉም አላየነውም ነው የሚሏት። ወንዴ ይህን ስለሚያውቅ አንድ ቀን «እዚያ ያሉ ልጆች ኢሜይል ይጠቀማሉ ይባላል። አንችም ክፈች፣ ምናልባት ስምሽን አይቶ ይጽፍልሻል» አለኝ። ከፈትሁ። ስም ሲለኝ ሉባባ፣ የአባት ስም ሲለኝ ይመር ብዬ ሞላሁ። ከዚያ ቀን በኋላ መስመሩ በተገኘ ቁጥር የመልእክት ሣጥኑን ከፍቼ አያለሁ፣ ባዶ ነው።

ደብዳቤው የመጣው ነሐሴ ላይ ነው። በእንግሊዝኛ ስለተጻፈ እኔና ወንዴ መዝገበ ቃላት ይዘን አጠገብ ለአጠገብ ተቀመጥን። ጸሐፊው ጠበቃ ነኝ ይላል። ከእኔ ጋር አንድ የአባት ስም ያለው ደንበኛው ኢንጂነር ኤም. ይመር፣ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር በመኪና አደጋ እንደሞተ ይገልጻል። ብዙ ገንዘብ ባንክ ትቶ ስለሄደና ወራሽ ስለጠፋ፣ የቅርብ ዘመዱ እኔ ነኝና ቶሎ መልስ እንድሰጠው ይለምነኛል።

ለፈረንጅ የመጨረሻ ስም የዘር ስም ነው፤ አገር ሙሉ ሰው ሊጋራው ይችላል። ይህን የተማርነው በኋላ ነው። በእኛ ደንብ ግን ይመር የአባቱ ስም የሆነ፣ የእሱም ስም በኤም ፊደል የሚጀምር የቅርብ ዘመዴ ማን ነው? ያባቴ ልጅ ነዋ! ሙሄ ነው። ኢንጂነርነቱንም ሚስቱንም ድምፁ በጠፋባቸው ዓመታት ያገኘው መሰለን። ወንዴ ተነሥቶ ማሽኑን አጠፋው።

«ሉባባ፣ ቤት ገብተሽ እንዳትጮኺ» አለኝ። «መጀመሪያ ሽማግሌዎቹ ይስሙ።»

ወንዴ ክርስቲያን ነው፣ እኔ ሙስሊም ነኝ፤ የመርዶ ሥርዓት ግን ሁላችንም ዘንድ አንድ ነው። መርዶ በድንገት በባለቤቱ ላይ አይጣልም። መጀመሪያ የቅሬ ሰዎች ይሰሙታል፣ ይመክሩበታል፣ ጎህ ሲቀድ ተሰብስበው ደጁን ያንኳኳሉ። ቅሬ የምንለው ሰው ሲሞት ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ የሚቀብርበትንና የሚያጽናናበትን የመንደራችንን ማኅበር ነው። የእኛ ቅሬ ዳኛ ሸህ አሊ ነበሩ። እርሻቸው ዳር አገኘኋቸውና እያለቀስሁ ነገርኋቸው።

«ያየ ሰው አለ?» አሉኝ።

«ጠበቃው ነው የጻፈው፣ አባባ።»

«እስላም ነው?»

«ስሙ የፈረንጅ ነው።»

ሸህ አሊ ብዙ አሰቡ። «ፈረንጅም ቢሆን በሞት አይዋሽም» አሉ በመጨረሻ። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። በይ እንባሽን ጥረጊና ግቢ። እናትሽ ፊትሽን እንዳታነበው።»

እንዴት እንደገባሁ አላውቅም። እናቴ የቀቀለችውን ባቄላ አቅርባልኝ እየፈለፈልሁ በላሁ፤ እሷ ስለ ጥጃዋ ስታወራኝ እኔ እንደ ባዕድ እንግዳ አንገቴን ደፍቼ አዳመጥኋት።

ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። እናቴ ከፈተች። የመንደሩ ሽማግሌ ሁሉ ጋቢውን ተከናንቦ በካፊያው ውስጥ ቆሟል። አንድም ሰው አፉን ሳይከፍት «ሙሄ ነው?» አለች። ሸህ አሊ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ በኋላ የወጣውን ድምፅ ልጽፈው ብሞክርም አይጻፍም።

ለቅሶው ደራ። ጎረቤቱ ንፍሮ እየቀቀለ መጣ። ሬሳ በሌለበት ተሰገደለት። ከአምባሰል በኩል ያሉት ክርስቲያን ዘመዶቻችን ሳይቀሩ በዚያ ጭቃ ደረሱ። የሚደንቀኝ፣ ደብዳቤው ስለ ገንዘብ እንደሚያወራ ሽማግሌዎቹ ያውቃሉ፤ አንድ ሰው ግን «እና ገንዘቡስ?» ሲል አልሰማሁም። እናቴም አንደበቷ ሲመለስ የጠየቀችኝ ሌላ ነው።

«ማን አጠበው? መቃብሩስ የት ነው? ጻፊለት ለዚያ ሰው» አለችኝ። «የሚስቱንም ወገኖች ጠይቂልኝ። እነሱም ልጅ ሙቶባቸዋል፤ ደግ አይደለም ዝም ማለት።»

እንደነገረችኝ ጻፍሁ። መልሱ ፈጠነ። «ውድ ሉባባ፣ አምላክ ያጽናዎት። የባንክ ሂሳብ ቁጥርዎንና የፓስፖርትዎን ቅጂ በአስቸኳይ ይላኩ።» ስለ መቃብር አንድ ቃል የለም። አልገባውም ይሆናል ብዬ ቃላቱን አቅልዬ ደግሜ ጻፍሁ። ያኑ መለሰልኝ። ቤት ስገባ እናቴ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። «ሥራ በዝቶበት ይሆናል» አልኋት።

ከዚያ አንድ ቀን፣ ለቅሶ ደራሽ ገና ሳይቋረጥ፣ ወንዴ እስከ ጉልበቱ በጭቃ ተለውሶ መጣ። ሊያጽናና የመጣ መስሎን ቦታ ለቀቅንለት። አልተቀመጠም።

«ለእኔም ጻፈልኝ» አለ። «ያው ጠበቃ ነው። ያው መንገድ፣ ያው መኪና፣ ከነሚስቱ ከነልጆቹ። የተለወጠው ያባት ስም ብቻ ነው፤ የእኔን አባት ስም አስገብቶበታል። እኔ ደግሞ ላባቴ አንድ ነኝ። ወንድም የለኝም።»

ንፍሮ እየዘገነች የነበረች ሴት እጇ እንደተዘረጋ ቀረ።

«ቆይ» አሉ ሸህ አሊ፣ «በመርዶ ዋሸ ነው የምትለኝ?»

«ለስንቱ እንደጻፈ አላህ ይወቀው» አለ ወንዴ፣ ክርስቲያንነቱን ረስቶ።

«ምን ሊያገኝ?» አለች እናቴ።

«ገንዘብ፣ እቴ ከድጃ።»

«ከእኔ?» አለችና ቤቷን ዞር ብላ አየችው። መደቡን፣ ጎታውን፣ በጢስ የጠቆረውን ማገር አየችው። እኔ እንደዚያን ቀን በሰው ፍጥረት ደንግጬ አላውቅም። ሌባ አውቃለሁ፤ በግ የሚሰርቅ፣ ኪስ የሚገባ። እናትን ጎህ ሲቀድ እንዲያ የሚያስጮህ፣ ጩኸቷንም የማይሰማ ሌባ መኖሩን ግን አላውቅም ነበር።

ይባስ ብሎ መርዶ ሲሻር ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ አልነበረም። ደብዳቤው ሐሰት ሆነ እንጂ ሙሄ በሕይወት አለ ያለን የለም። ሰዎቹ እንኳን ደስ ያለሽ እንዳይሏት ልጁ የለም፣ አላህ ያጽናሽ እንዳይሏት ሞቱ የለም። አንድ በአንድ እየተነሡ፣ ጫማቸውን እየፈለጉ ወጡ። እናቴ ማልቀሱም መተዉም ቸገራት። እንግዳ ሰው ሰላም ሲላት እንኳ መልስ ከመስጠቷ በፊት ፊቱን ትመረምረው ጀመር።

ኅዳር ላይ፣ ማሽላው እሸት በደረሰበት ሰሞን፣ ከሳዑዲ ወንዴ ሱቅ ስልክ ተደወለ። ለካስ መርዶው በአምባሰል ሰዎች አፍ ባሕር ተሻግሯል። ጂዳ ውስጥ አንዱ ሙሄን መንገድ ላይ አግኝቶት «አንተ ሰውዬ፣ ለቅሶህ እኮ ተለቀሰ!» ብሎ ጮኸበት፣ የወንዴን ሱቅ ስልክም ሰጠው። ሙሄ ታስሮ ነበር የከረመው። ከተፈታም በኋላ ባዶ እጁን መደወል አፍሮ ዝም አለ። ይህን ለወንዴ ተናግሮ፣ በገበያ ቀን እናቴን አቅርቡልኝ ብሎ ዘጋ።

በገበያው ቀን እናቴን ይዣት ወረድሁ። ደወለ። ወንዴ ድምፁ ለሁላችን እንዲሰማ አደረገው።

«እማ፣ እኔ ነኝ፣ ሙሄ ነኝ» አለ።

ድምፁን አውቄው ልጮህ ስል እናቴ በእጇ አፌን ያዘችው።

«ስሙንማ ያ ሌባም ያውቀዋል» አለች። «እስኪ ሙሄ ከሆንህ ንገረኝ። የሄድህ ለት ምን ብዬ ነው የመረቅሁህ?»

ያን ምርቃት እኔ በቃሌ አውቀዋለሁ። መንገድህን አላህ ያቅናልህ፣ በወጣህበት እግር ግባ፣ ክፉ ዓይን አይይህ። እናቴ ስንት ዓመት ለመጣ ለሄደው ስታወራው ኖራለች፤ ደጅ ድረስ ሸኝቼ፣ መርቄ ነው የሰደድሁት ትላለች። ሙሄ ዝም አለ። ዝምታው ሲረዝም ይኼም ሌላ ሌባ ነው ብዬ ያወቅሁትን ድምፅ ተጠራጠርሁ።

«አልመረቅሽኝም እማ» አለ በመጨረሻ። ድምፁ ተሰበረ። «ገበያ ደርሼ ልምጣ ብዬሽ ነው የወጣሁት። ሳልነግርሽ ነው የሄድሁት።»

እናቴ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። «ልጄ ነው» አለችኝ። «ሌላ ሰው ቢሆን ምርቃት ይፈጥር ነበር።» ከዚያ ስልኩን በሁለት እጇ አፏ ላይ አስጠግታ መረቀችው። መንገድህን አላህ ያቅናልህ፣ በወጣህበት እግር ግባ፣ ክፉ ዓይን አይይህ። መስመሩ እስኪቋረጥ አሜን ሲል ይሰማናል። እኔ ያን ሁሉ ዓመት ስሰማው የኖርሁት ምርቃት፣ ለእሱ የመጀመሪያው ነበር።

ሙሄ ዛሬ ውጫሌ እህል ይነግዳል። እናቴንም በእጁ ቀብሯታል። ያን ደብዳቤ የጻፈው ሰው በሕይወት ይኑር አይኑር አላውቅም፤ ሐይቅ የሚባል ከተማ መኖሩንም አያውቅም። ስማችንን በባዶው ቦታ ሞላና ወደሚቀጥለው አለፈ። እናቱ ትኖር እንደሆነ ግን አንዳንድ ጊዜ አስባለሁ።

«እማ፣ ላጥፋው ወይስ ሰድቤ ልላክለት?» አለችኝ ሰሚራ፣ ስልኩን እንደያዘች።

«አጥፊው» አልኋት። «ስድቡ ይቅር። ይኼኛው ደህና ሌባ ነው፣ መኪና ሰጠን እንጂ ሰው አልገደለብንም።»