የሞተሩን ድምፅ የቀነስኩ ዕለት

ይህ የሆነው በሃምሳ ስድስት ዓ.ም. ሰኔ መግቢያ ላይ ነው። ሦስት ዓመት ቢያልፈውም ትራክተር ላይ በወጣሁ ቁጥር ይመጣብኛል።

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት፣ ለመንገድ የሚሆን አፈር እናወጣ ነበር። እኔ ከፊቱ አፈር ማፈሻ ባልዲ የተገጠመለት ትራክተር እነዳለሁ። ሥራውን ያስተማረኝ የለም፤ ከትራክተሩ ጋር የመጣውን መጽሐፍ በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ ነው የተማርኩት። ከነዳጅ መስጫው እጀታ አጠገብ በሞረድ ሦስት ምልክት አበጅቼ ነበር። የላይኛው ለጉዞ፣ መካከለኛው የላላ አፈር ለማፈስ፣ የታችኛው ባልዲው በስሱ መንቀሳቀስ ሲኖርበት። ሠራተኞቹ «ሰዓት ሠሪው» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

ያን ቀን ረፋድ ላይ አፋፉ ተናደና ጋሼ በዳዳን ቀበራቸው። በዶማ ከሚቆፍሩት ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡ፣ የስድስት ልጆች አባት ናቸው። ሰው በእጁም በአካፋም ተረባረበ። እኔ በመካከለኛው ምልክት ከዳር ከዳር አፈሩን አነሣሁ። ወደነበሩበት ቦታ ስጠጋ እጀታውን ወደ ታችኛው ምልክት መለስኩ፤ ባልዲው እንዳይዘል፣ ደግሞም ከሥር ድምፅ ካለ እንድንሰማ። ሁሉም ሥራውን አቁሞ አዳመጠ።

ምንም አልተሰማም።

በዕድሜ የምንቀራረበው አለቃችን ኮፍያውን አወለቀ። ሰማዩ ጠቁሯል።

«በቃ፣ አርፈዋል» አለ። «ነዳጅ ስጠውና ዝናቡ ሳይደርስ ሬሳውን እናውጣ።»

«ሬሳም ቢሆን በቀስታ ነው የማነሣው» አልኩት።

ተቆጣ፤ ከሥራ እንደሚያባርረኝም ነገረኝ። እጀታውን አልነካሁትም። አፈሩን በስሱ በስሱ እየገፈፍኩ አነሣሁ። በአራተኛው ባልዲ ላይ አፈሩ ሲንሸራተት እጅ ታየ። ከባልዲው ጥርስ አንድ ስንዝር አይርቅም። ጣቶቹ ተንቀሳቀሱ።

ሁለት ትልልቅ ድንጋዮች ተደጋግፈው መተንፈሻ ትተውላቸው ኖሯል። ጋሼ በዳዳ እግራቸው ተሰብሮ ዳኑ።

ከወር በኋላ ቤታቸው ሄጄ ጠየቅኳቸው። ብዙ ከመረቁኝ በኋላ ራሳቸው አነሡት።

«ልጄ፣ እዚያ ውስጥ ድንጋይ በድንጋይ እመታ ነበር። ሞተሩን እሰማለሁ፤ ሰዎች አሉ፣ እየቆፈሩ ነው እላለሁ፤ እመታለሁ። ኋላ ድምፁ አነሰ፣ አነሰ። ጥለውኝ ሄዱ አልኩና ድንጋዩን ለቀቅኩት።»

ድምፁን የቀነስኩት እሳቸውን ለመስማት ነበር።

ምልክቶቹ ትክክል ነበሩ፤ ዛሬም በእነሱ እሠራለሁ። አለቃዬ እንዳለው ነዳጅ ብሰጠው ኖሮ የባልዲው ጥርስ ያን እጅ ያገኘው ነበር። ይህን ማወቄ ግን አላሳረፈኝም። እጀታውን ወደ ታች በመለስኩ ቁጥር፣ አፈር ሥር አንድ ሰው ድንጋዩን ሲለቅ ይታየኛል። ስለዚህ ማንም በሌለበት ቦታ እንኳ ከመቀነሴ በፊት «አለን፣ አልሄድንም» እላለሁ። አንዳንዴ ጮክ ብዬ ነው የምለው።