ልጄ የከሳበት መስመር

ቢቸና የአሥረኛ ክፍል ሒሳብ አስተምራለሁ። ስሎፕ ላይ ስደርስ ኃይለኛ ነኝ። የሁለቱን ነጥቦች የዋይ ልዩነት ለኤክስ ልዩነት አካፍሉ፤ ፖዘቲቭ ከሆነ መስመሩ ይወጣል፣ ኔጋቲቭ ከሆነ ይወርዳል። “ሁለት ነጥብ ይበቃል፣ አታወላውሉ!” እላቸው ነበር።

የበኩር ልጄን የወለድሁት ሞጣ፣ እናቴ ቤት ነው። የመጀመሪያ ክትባቱ ቀን ምች መትቶኝ ተኝቼ ስለነበር እናቴ ጤና ጣቢያ ወስዳ አስከተበችው፣ አስመዘነችውም። ለሚቀጥለው ክትባት ግን ቢቸና ተመልሼ ስለነበር ራሴ ወሰድሁት። ነርሷ ልብሱን አስወልቃ መዘነችውና አዲሱን ኪሎ የእድገት ካርዱ ላይ ነጥብ አድርጋ ከሞጣው ጋር በመስመር አገናኘችው። መስመሩ ወረደ። “ቲቸር፣ ጡት በደንብ ይጠባል?” ብላ ጠየቀችኝና ለሳምንት ቀጠረችኝ።

ቤት ገብቼ ሠራሁት። ኪሎውን ከኪሎው ቀነስሁ፣ ለሳምንታቱ አካፈልሁ፤ ኔጋቲቭ። ደገምሁት፣ ያው ነው። መስመሩ እንዲሁ ቢቀጥል የት እንደሚደርስ ማሰብ አልፈለግሁም፤ ግን አሰብሁት። ልጄ ጉንጩ ሞልቶ ፊት ለፊቴ ይስቃል፣ እኔ ግን ስሌቴን አመንሁ። ወተቴ አልበቃውም ብዬ የጣሳ ወተት ገዛሁ። ጡቴን ሲፈልግ ጡጦ አጎርሰዋለሁ፤ ይተፋዋል፤ አብረን እናለቅሳለን።

በቀጠሮው ጠዋት እናቴ ስትደውል አላስቻለኝም፣ ልጁ ከስቷል አልኋት።

“ያን የመሰለ ልጅ? ምን ነካሽ!”

“እማዬ፣ ያን ጊዜ ሲመዘን ልብሱ ወልቆ ነበር?”

“ምን ትላለች ይቺ! የሞጣን ብርድ እያወቅሽ ራቁቱን ላንጠለጥለው ኖሯል? ነርሷማ አውልቁት ብላ ነበር፣ እኔ መች ሰምቻት! በወፍራሙ ጋቢ እንደተጠቀለለ አስመዘንሁት።”

ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ንዴቴ። ሳምንቱን ሙሉ ልጄን ከጋቢ ላይ ስቀንስ ከርሜያለሁ።

ጤና ጣቢያ ደርሼ ለነርሷ ነገርኋት። ስቃ የሞጣውን ነጥብ ሰረዘችው። ልጁን እንዳለፈው ራቁቱን መዝና አዲስ ነጥብ አስቀመጠች፣ ካለፈው ሳምንት ነጥብ ጋርም አገናኘችው። እንደ ጉድ ሽቅብ ይወጣል ብዬ ስጠብቅ መስመሩ ጋደም አለ። ምንም አልጨመረም ማለት ይቻላል። ነርሷ ግራ ገብቷት ቀና ብላ አየችኝ።

እኔ ግን ገብቶኛል። ይኼኛው መስመር እውነተኛ ነው፤ ጡት የከለከልሁት ሳምንት ነው። እስክታለብሰው አልጠበቅሁም፤ ከሚዛኑ ላይ ተቀብያት እዚያው ቁጭ ብዬ አጠባሁት።