ለደመወዝ የተላከ ሽማግሌ

ዛሬ ቻምብሊ ከተማ ያለችው ትንሿ ሱቄ ድረስ ሽማግሌ ተላከብኝ። (ለትዳር እንዳይመስላችሁ፤ ባሌ ካሸር ማሽኑ ጋ ቆሟል።)

የመጡትን ሁለት አባቶች ከቤተክርስቲያን አውቃቸዋለሁ። ወንበር ብሰጣቸው "እሺ ሳትይን አንቀመጥም" አሉ።

ላኪዋ ሠራተኛዬ ሂሩት ናት። እዚሁ አካባቢ ፒችትሪ ኮርነርስ ያለ ዌርሃውስ (የዕቃ መጋዘን) የተሻለ ሊከፍላት ጠርቷታል፤ እሷ ግን ትንሽ ከተጨመረላት እኔ ጋ መቆየት ትመርጣለች።

"ጋሼ፣ ሕጉ ያለውን ሚኒመም ዌጅ እየከፈልኳት እኮ ነው" አልኩ። ደግሞም ለዊኬንድ ሌላ ሰው ሃየር ላደርግ ነበር፤ ገቢያችን ለጭማሪውም ለቅጥሩም አይበቃም።

ትልቁ አባት "ልጄ፣ ሕጉ ከዚህ በታች አትውረጂ አለ እንጂ እዚህ ላይ ቁሚ መቼ አለ?" አሉኝ።

አዲሱን ቅጥር ትቼ ለሂሩት ጨመርኩላት፤ ዊኬንዱን እኔና ባሌ እንሸፍናለን። ሽማግሌዎቹም ተቀመጡ።

የከነከነኝ ጭማሪው አይደለም። ሂሩት በየቀኑ ከእኔ ጋር ከአንድ ሳህን ትበላለች። ታዲያ ደመወዝ ለመጠየቅ ሽማግሌ እስኪያስፈልጋት ድረስ ምን ዓይነት አለቃ ብሆንባት ነው?

እናንተስ፣ ሠራተኛ ያላችሁ፣ ፊት ለፊት የጠየቃችሁ አለ? ወይስ የእናንተም ሽማግሌዎች መንገድ ላይ ናቸው?